የእንጨት መስቀልና የቅዱሳት ሥዕላት ቅርጽ አብነት፦ አዘገጃጀቱ፣ አጠቃቀሙና ጥንቃቄው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቤተ ክርስቲያናችን «አብነት» የሚለው ቃል ትልቅ ቦታ አለው። ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔና ትርጓሜ መጻሕፍት የሚሰጥበትን ጉባኤ «አብነት ትምህርት ቤት» እንለዋለን፤ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚቀበልበት ቦታ ነውና። ይኸው ቃል ለእጅ ሥራም ያገለግላል። መስቀል የሚቀርጽ ባለሙያ አንድን ቅርጽ ደጋግሞ ለመሥራት በወረቀት፣ በካርቶን፣ በቆርቆሮ ወይም በስስ ጣውላ ቆርጦ የሚያስቀምጠው ንድፍ አብነት ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን አብነት ነው፤ ከየት እንደሚወሰድ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ሲደጋገምም እንዳይበላሽ ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው።

ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ አይደለም። አንድ የተሳሳተ መስቀል የተሠራ እንደሆነ ስህተቱ በአንድ መስቀል ላይ ይቀራል። የተሳሳተ አብነት የተዘጋጀ እንደሆነ ግን ስህተቱ በመቶ መስቀል ላይ ይታተማል፤ ምእመናንም ደጋግመው ያዩትን ትክክለኛ አድርገው ይቀበሉታል። ስለዚህ አብነት የሚያዘጋጅም፣ የሚያሠራም፣ የሚገዛም ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ።

መጽሐፍ ቅዱሳዊ መሠረቱ

እግዚአብሔር ሊቀ ነቢያት ሙሴን ደብተራ ኦሪትን እንዲሠራ ባዘዘው ጊዜ ሥራውን ለሰው ግምት አልተወውም። በተራራው ላይ ምሳሌውን አሳየው፤ እንደዚያም እንዲያደርግ አዘዘው (ዘጸ. 25፥9 እና 40)። ቅዱስ ጳውሎስም ይህንኑ በዕብራውያን መልእክቱ አንሥቶ አስተምሮበታል (ዕብ. 8፥5)። ሥራውን በእጅ የፈጸሙት ባስልኤልና ኤልያብ ሲሆኑ፣ ከተሰጣቸው ጥበብ አንዱ እንጨት መቅረጽ እንደ ነበር ተጽፏል (ዘጸ. 31፥1-6)።

ቅዱስ ዳዊትም የቤተ መቅደሱን ንድፍ ለልጁ ለሰሎሞን አስረክቧል (1ኛ ዜና 28፥11-19)። የንድፉ ባለቤት ዳዊት፣ ሠሪው ሰሎሞን ሆኑ፤ አብነት ሥራን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግር አደራ መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ሰሎሞን ከወይራ እንጨት ያሠራቸው ሁለቱ ኪሩቤል ቁመታቸው ዐሥር ዐሥር ክንድ ሲሆን፣ መጠናቸውም መልካቸውም አንድ ነበር (1ኛ ነገ. 6፥23-26)። የቤተ መቅደሱ ግድግዳና የወይራ እንጨት ሳንቃዎቹም የኪሩቤል፣ የዘንባባና የፈነዳ አበባ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል (1ኛ ነገ. 6፥29-35)። አንድን ቅርጽ በአንድ መጠን ደጋግሞ መሥራት፣ እንግዲህ፣ በቤተ እግዚአብሔር የቆየ ሥርዓት ነው።

በሀገራችን የቆየው የእንጨት ቅርጽ

በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ገዳም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው የእንስሳትና የሐረግ ቅርጽ በተቀረጸባቸው የእንጨት ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው። በላስታ በዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስም እንጨትና በኖራ የተለሰነ ድንጋይ ተራ በተራ የተደረደሩበት ሲሆን፣ መስኮቶቹና ጣሪያው በመስቀልና በተለያዩ የመስመር ቅርጾች የተጌጡ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች አንድ ቅርጽ በእኩል መጠን ተደጋግሞ ይታያል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ በጣሪያው ላይ ተደርድረው የተሣሉት ክንፋም የመላእክት ገጾች ሥዕል እንጂ ቅርጽ አይደሉም፤ ነገር ግን መልካቸው አንድ ሆኖ ሳለ የእያንዳንዱ አስተያየት ጥቂት ይለያል። አብነት የሠዓሊውን እጅ እንደማያስር ያሳዩናል።

በአዲስ አበባም የየካና የእንጦጦ ተራሮች ከዚህ ታሪክ ተካፋዮች ናቸው። ከሲግናል ወደ ሰሜን ዓይኑን ያነሣ ሰው የሚያያቸው እነዚህ ተራሮች ከአለት የተፈለፈለውን የየካ ዋሻ ሚካኤልን፣ እንዲሁም እንጦጦ ማርያምንና እንጦጦ ራጉኤልን ይዘዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። ተራራው ስለ እንጨትም የሚያስተምረን አለ። ከተማው ሲስፋፋ የአካባቢው ጽድና ሌላው የሀገር ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እያለቀ ሄዶ፣ እጥረቱን ያቃለለው ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍ ለማገርና ለማገዶ ቢጠቅምም ሲደርቅ የሚሰነጠቅና የሚጣመም ስለሆነ ለረቂቅ ቅርጽ አይመረጥም። ለመስቀል የሚሆነው የሀገር ዛፍ ዛሬ በብዛት የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ይህን ዛፍ ለቅርጽ ብሎ መቁረጥ አይገባም፤ በነፋስ የወደቀውንና በፈቃድ የተመለመለውን ቅርንጫፍ መጠቀም ይበቃል።

ምን ይቀረጻል? ምን አይቀረጽም?

ቤተ ክርስቲያናችን ለጸሎት የምትጠቀመው በቅዱሳት ሥዕላት ነው፤ ዙሪያውን የተቀረጸ ሐውልት በቤተ መቅደስ ማቆም ልማዷ አይደለም። በላሊበላ በቤተ ጎልጎታ የሚታዩት የቅዱሳን ቅርጾች እንኳ ከግድግዳው አለት ጋር እንደ ተያያዙ ከፍ ብለው የወጡ ናቸው። ስለዚህ በእንጨት የሚሠራው የእጅ መስቀል፣ የመጾር መስቀል፣ የአንገት መስቀል፣ የመቋሚያ ራስ፣ የሥዕል ሣጥንና ተከፋች ገበታ፣ የበርና የመስኮት ሐረግ፣ በመንበሩ ላይም ከገበታው ጥቂት ብቻ ከፍ የሚል የመላእክትና የቅዱሳን ቅርጽ ነው።

ጽላትን በተመለከተ ይህ ጽሑፍ የሚለው የለም። እርሱ ሊቃነ ጳጳሳትና ካህናት በሥርዓቱ የሚፈጽሙት ነው፤ አብነቱን ማዘጋጀትም ሆነ መያዝ ለማንም ባለ እጅ የተፈቀደ አይደለም።

የእንጨት ምርጫ

ወይራ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ቀጭን ሐረግ ይይዛል፣ ሲለሰልስም ያበራል፤ ለእጅና ለአንገት መስቀል ይመረጣል። ዋንዛ ቀለል ያለና ለመሮ የሚታዘዝ ስለሆነ ለሰፊ ገበታና ለመንበር ቅርጽ ይስማማል። ጽድ መዓዛው ደስ ይላል፣ ነቀዝንም ይቋቋማል፤ ነገር ግን በአንጓውና በመስመሩ በኩል ቶሎ ይሰነጠቃል። የትኛውም ቢሆን በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ካልደረቀ በስተቀር የተቀረጸው ቅርጽ ከጊዜ በኋላ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ አብነቱ ትክክል መሆኑ አይጠቅመውም።

የአብነት አዘገጃጀት

*1ኛ. ምንጩን መምረጥ።* አብነት የሚወሰደው ከታወቀ የቤተ ክርስቲያን ቅርስ ወይም ከሊቃውንት ምክር ነው። ከገበያ የተገኘ ሥዕል ወይም ከሌላ እምነት መጽሐፍ የተቀዳ ንድፍ መነሻ ሊሆን አይገባም። ከጥንታዊ መስቀል ሲወሰድ በአለቃው ወይም በአስተዳዳሪው ፈቃድ፣ ካህን እየያዘው፣ ፎቶግራፍ በማንሣትና በማስመሪያ በመለካት ይሁን። ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ መፈግፈግ፣ ካርቦን ወረቀት ማሳረፍ፣ በሰም ወይም በጭቃ ቅርጹን ማተም ለቅርሱ ጉዳት ነው።

*2ኛ. መጠኑን መለወጥ።* ትንሽ ንድፍ ሲተልቅ በእኩል አራት ማዕዘኖች ይከፋፈላል። 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለውን መስቀል ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ለማሳደግ በመነሻው ላይ ባለ 1 ሳንቲ ሜትር፣ በአዲሱ ወረቀት ላይ ባለ 3 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘን ይሰመራል፤ መስመሩ በእያንዳንዱ ማዕዘን የሚያልፍበት ነጥብ ተራ በተራ ይዛወራል። እዚህ ላይ ክብደቱን ማሰብ ይገባል። ቁመቱና ስፋቱ ሦስት እጥፍ ሆኖ ውፍረቱ ባይለወጥ ክብደቱ 9 እጥፍ፣ ውፍረቱም ሦስት እጥፍ ቢሆን 27 እጥፍ ይሆናል። በማሕሌትና በዑደት የሚያዘው መስቀል የሚከብደው ካህን ይህን ያውቃል።

*3ኛ. ግማሹን ብቻ መሣል።* መስቀል ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ወረቀቱ በመካከል ታጥፎ ግማሹ ይሣላል፤ ሁለቱ ንብርብሮች በአንድነት ይቆረጣሉ። በዚህ ዘዴ የክንዶቹ ርዝመት አይዛነፍም። ነገር ግን ሐረጉ እርስ በርስ የሚጠላለፍ ከሆነ አንድ ነገር እንጠንቀቅ። ጠለፋው አንዴ በላይ፣ አንዴ በታች እያለ ስለሚሄድ፣ በመካከለኛው መስመር ላይ የሚገኘው መጋጠሚያ ከታጠፈው ግማሽ አይገኝም፤ አንዱ ክር ከላይ ከሆነ ሌላው የግድ ከታች መሆን አለበትና። ስለዚህ አብነቱ የሐረጉን ዳርና ዳር ብቻ ይስጥ፤ የበላዩና የታቹ ተራ ግን ከተገለበጠ በኋላ ክሩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው በጣት እየተከተሉ ለብቻው ይመልከት።

*4ኛ. ወደ ጠንካራ ነገር ማዛወር።* የወረቀቱ ንድፍ ሲረጋገጥ በካርቶን፣ በስስ ኮምፔንሳቶ፣ በፕላስቲክ ወይም በቆርቆሮ ይቆረጣል። ካርቶን ለጥቂት ሥራ ይበቃል፤ ጠርዙ ቶሎ ይበላል። ብዙ የሚሠራ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ይምረጥ። በመስቀሉ ውስጥ ብዙ ክፍተት ስላለ፣ ሁሉም ከተቆረጠ በመካከል ያለው ክፍል ይወድቃል፤ ስለዚህ ቀጫጭን ማያያዣ ድልድዮች ይተዋሉ፣ በእንጨቱ ላይ ከተሣለ በኋላ በማስመሪያ ይሟላሉ። ሌላው መንገድ የዙሪያውንና የውስጡን አብነት ለየብቻ አዘጋጅቶ በሁለት ቀዳዳዎች ማገጣጠም ነው።

*5ኛ. ለረቂቅ ሐረግ የነጥብ አብነት።* በመቀስ የማይቆረጥ ሐረግ ሲሆን በጠንካራ ወረቀት ላይ ተሥሎ መስመሩ በመርፌ ወይም በቀጭን ወስፌ ተቀራርቦ ይበሳል። ወረቀቱ በገበታው ላይ ተደርጎ፣ በስስ ጨርቅ የተቋጠረ የከሰል ዱቄት በላዩ ቀስ እያለ ይመታል፤ ነጥቦቹ በእንጨቱ ላይ ይቀራሉ፣ በእርሳስም ይያያዛሉ። አንድ ወረቀት ብዙ ጊዜ ያገለግላል።

*6ኛ. በአብነቱ ላይ መጻፍ።* አብነት ያለ ጽሑፍ ከጥቂት ዓመት በኋላ ምንነቱ አይታወቅም። ከየት ቅርስ እንደ ተወሰደ፣ ማን እንደ ፈቀደ፣ ዘመኑ፣ የመስቀሉ ውፍረት፣ ፊቱና ጀርባው፣ የእንጨቱ ጭራ የሚሄድበት አቅጣጫ በቀስት ይመልከትበት። ጭራው በእጀታው ቁመት መሄድ ይኖርበታል፤ በአግድሙ የሄደ እንደሆነ እጀታው ከአንገቱ ይሰበራል። ሁለቱ የጎን ክንዶች ግን በዚህ አቀማመጥ ደካማ ናቸው። ክንዶቹን ከራሱና ከእጀታው ጋር በዙሪያ የሚያያይዘው ሐረግ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ክንዶቹን የሚይዝ ድጋፍም ነው፤ «ሥራ ይበዛል» ተብሎ ሲቀነስ መስቀሉ በወደቀ ቁጥር ይሰበራል።

የአጠቃቀም ቅደም ተከተል

በሲግናል አካባቢ ያለ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናቱ 60 የአንገት መስቀል ለማዘጋጀት ቢያስብ፣ ሥራው በዚህ ተራ ቢሄድ ይቃናል። መጀመሪያ እኩል ውፍረት ያላቸው ሳንቃዎች ተልገው ይዘጋጃሉ። ቀጥሎ አብነቱ ተደርጎ በሾለ እርሳስ ይሣላል። ከዚያ ሳንቃው ገና ሙሉ ሳለ ክፍተቶቹ በመሰርሰሪያ ይበሳሉ፣ በቀጭን መጋዝም ይወጣሉ፤ የዙሪያው ቆረጣ መጨረሻ ይሆናል። ዙሪያው አስቀድሞ ከተቆረጠ ቀጭኑ ክንድ በሞርሳ ሲያዝ ይሰበራል። በመጨረሻ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። መጀመሪያ አንድ ብቻ ተሠርቶ ለመምህሩ ይታይ፤ ከታረመ በኋላ ሌሎቹ ይቀጥሉ። የተጠናቀቁትም ሕፃናቱ ሳያደርጓቸው በፊት በካህን ይባረኩ።

ስህተት እንዴት ይገባል?

የመጀመሪያው በር ከቅጂ ላይ መቅዳት ነው። እርሳስ ከአብነቱ ጠርዝ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ይሠምራል። ከተሠመረው ሌላ አብነት፣ ከእርሱም ሌላ ቢቆረጥ፣ መስቀሉ በእያንዳንዱ ቅጂ በሁለቱም ጎን ተደምሮ 1 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ክፍተቱም በዚያው መጠን ይጠባል። 10 ሚሊ ሜትር የነበረ ክፍተት በዐሥረኛው ቅጂ ጨርሶ ይዘጋል። ማንም ሊያበላሸው ሳያስብ መስቀሉ ሌላ መስቀል ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው «እናት አብነት» አስቀምጦ፣ ለዕለት ሥራ የሚሆነውን ሁልጊዜ ከእርስዋ ብቻ መቅዳት ነው።

ሁለተኛው አብነትን መገልበጥ ነው። መስቀል ቢገለበጥ ያው መስቀል ነው፤ የቅዱሳን ቅርጽ ግን አይደለም። አብነቱ በጀርባው ከተሣለ ጌታችን የሚባርክበት ቀኝ እጅ ግራ ይሆናል፤ በምስለ ፍቅር ወልዳ እመቤታችን በግራ ክንዷ የታቀፈችው ልጅዋ ወደ ቀኝ ይዛወራል፤ የግእዙ ጽሑፍም ወደ ኋላ ይነበባል። ሁለት ሳንቃ በርን ፊት ለፊት ለማስጌጥ ሲባል ይህ በቀላሉ ሊደርስ ይችላል። በግራና በቀኝ የሚቆሙት ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው አብነት ይዘጋጅ።

ሦስተኛው የአሣሣልን ሥርዓት አለማወቅ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ቅዱሳን ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ፣ ኃጥኣን ደግሞ በአንድ ጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ለቅርጽ ይቀላል ተብሎ የቅዱሱን ገጽ በጎን መቅረጽ ከመልእክቱ ጋር ይጋጫል። እንዲሁም ከእጅ መስቀል በታች ያለውን አራት ማዕዘን ገበታ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ማስቀረት አይገባም፤ መምህራን በምሥጢር የሚያብራሩት እንጂ ትርፍ እንጨት አይደለም።

በኮምፒዩተር የሚሠሩ የመቅረጫ መሣሪያዎችም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። በኮምፒዩተር የተሣለው ንድፍ ራሱ አብነት ነው፤ አንድን ቅርጽ በአንድ ቁልፍ መገልበጥና መለጠጥ ስለሚቻል ስህተቱ ይፈጥናል እንጂ አይቀንስም። መሣሪያው በሊቃውንት የታየ ንድፍ ከተሰጠው ይጠቅማል።

አብነትና የቅርስ አደራ

የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1997 ተሰርቆ በ2001 ወደ ቦታው ተመልሷል። ሁሉም ግን እንደ እርሱ የታወቀ አይደለም። በገጠር ያለ የእንጨት መስቀል ቢጠፋ፣ ልኩና ንድፉ ካልተመዘገበ፣ ቢገኝ እንኳ «የእኛ ነው» ለማለት ማስረጃ አይኖርም። በመልካም ሁኔታ የተዘጋጀና የተጻፈበት አብነት ከፎቶግራፍ ጋር በደብሩ መዝገብ ቤት ቢቀመጥ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ ቅርሱን ከሌባ፣ ቅርጹንም ከመረሳት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ይከለክላል። በአብነት የተሠራ አዲስ መስቀልም በጢስና በቅባት አስረጅቶ «ጥንታዊ ነው» ብሎ መሸጥ ሐሰት ነው፤ ገዥውንም ያታልላል፣ የእውነተኛውን ቅርስ ገበያም ያደራል። ስለዚህ በእጀታው ወይም በጀርባው የተሠራበት ዓመተ ምሕረት ይጻፍበት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የባለ እጆቹ ነገር ነው። አረጋዊ ጠራቢ ሲያርፍ ጣቱ የሚያውቀው ጥበብ አብሮ ይቀበራል፤ አብነቱም ለልጆቹ ተራ ካርቶን መስሎ ይጣላል። ሰበካ ጉባኤያትና ሰንበት ትምህርት ቤቶች በአጥቢያቸው ያሉትን ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ ቢጠይቁ፣ አብነታቸውን ቢገለብጡ፣ ሁለት ሦስት ወጣቶችንም አጠገባቸው ቢያስቀምጡ ወጪው ጥቂት ነው። በቅዱስ ዳዊት እጅ የነበረው ንድፍ ለሰሎሞን የደረሰው ዳዊት በሕይወት ሳለ ስለ ሰጠው ነውና።

ማጠቃለያ

አብነት ቅዱስ ንዋይ አይደለም፤ ሆኖም የቅዱስ ንዋይ መነሻ ስለሆነ በየሜዳው አይጣልም፣ ሲያረጅም በንጹሕ ቦታ ይቃጠላል። የሚያዘጋጀው ይጸልይ፣ ይጠይቅ፣ ይለካ፤ የሚያሠራው ከዋጋው በፊት ምንጩን ይመርምር፤ የሚገዛው ምእመንም «ይህ ቅርጽ ከየት ተወሰደ?» ብሎ ለመጠየቅ አይፈር። የአባቶቻችንን ጥበብ ሳንጨምርና ሳንቀንስ ለልጆቻችን እንድናስረክብ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱስ መስቀሉ ኃይል አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።